ኮቪድ የያዘውን ሰው ቤት ውስጥ ለሚያስታምሙ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ የ71 ዓመት እናቴን አዲስ አበባ ቤታችን እያስታመምኩ ነው። ትኩሳቷ ወርዷል፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን ጠዋት 93፣ ማታ 89 ይላል። የቱን ልመን?

መልስ፦ ትኩሳቱ ወረደ ብለው አይዘናጉ። ብዙ ጊዜ ምልክቱ ከታየ ከ5ኛው እስከ 10ኛው ቀን ድረስ፣ ታማሚው «ትንፋሽ አጠረኝ» ሳይል ኦክስጅኑ ሊወርድ ይችላል።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያጣሩ። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ጥፍር ቀለም ወይም እንሶስላ ካለበት፣ እጅ ከተንቀሳቀሰ መለኪያው ይሳሳታል። እናትዎ 5 ደቂቃ ይረፉ፤ እጃቸውን አሙቀው ይሰኩትና ቁጥሩ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ይጠብቁ። ከዚያ የራስዎንም ይለኩ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጤነኛ ሰው ላይም 93 ማየት ያጋጥማል፤ ከውጭ አገር ዘመድ እየደወለ የሚነግራችሁ «ከ95 ከወረደ ሩጡ» ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሰው የሚሆን ምክር ነው። በትክክል ተለክቶም ደጋግሞ ከ90 በታች ካሳየ ግን በከፍታ አይመካኝም። 8335 (የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር) ይደውሉ ወይም በዚያው ሌሊት ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው።

ትንፋሽም ይቁጠሩ። ሳይነግሯቸው፣ ደረታቸው ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያሉ፣ ሙሉ 60 ሰከንድ። እንደሚቆጠርበት ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣል። ከ24 ካለፈ ሐኪም ያማክሩ፤ ከ30 ካለፈ አይጠብቁ። አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃታቸው፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ግራ ከተጋቡ መለኪያው የሚለውን አይዩ፤ ይዘዋቸው ይሂዱ። ልኬቶቹን በየ6 ሰዓቱ ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ ሐኪሙ ከአንዱ ቁጥር ይልቅ አወራረዱን ማየት ይፈልጋል።

ጎረቤት የሚመክራችሁን ዴክሳሜታዞን (የስቴሮይድ መድኃኒት ነው) በራሳችሁ አትስጡ። በ2020 እንግሊዝ አገር የተደረገው ትልቅ ጥናት ጥቅሙን ያሳየው ኦክስጅን በሚያስፈልጋቸው ታማሚዎች ላይ ብቻ ነው። የደም ስኳርም ከፍ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ሐኪም ለአባታችን በደቂቃ 5 ሊትር ኦክስጅን አዟል። ሲሊንደር ተከራየን፤ ሌሊት ያልቅብን ይሆን እያልን እንቅልፍ አጣን።

መልስ፦ በስሌት ይታወቃል። ሲሊንደሩ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን በሊትር፣ ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በባር በሚያነበው ያባዙት። 40 ሊትር በ150 ባር 6,000 ሊትር ኦክስጅን ነው፤ በደቂቃ 5 ሊትር ሲወጣ 20 ሰዓት ይቆያል። ጌጁ 50 ላይ ሲደርስ የቀረው 2,000 ሊትር፣ 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ መለወጫውን 50 ላይ ሳይደርስ ያስመጡ፤ ማታ ከሆነ ደግሞ ከ75 በታች ይዛችሁ አትተኙ። ብዙ ቤት የሚሳሳተው ቁጥሩ «ገና» መስሎ ስለሚታየው ነው።

የሚፈሰውን መጠን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትቀይሩ። ሬጉሌተሩን (ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚገጠመውን መቆጣጠሪያ) ቅባት በነካ እጅ አትንኩ፤ ለደረቀ ከንፈርም ቫዝሊን አትቀቡ። ሲሊንደሩን ከግድግዳ ጋር እሰሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሻማ፣ ጧፍ፣ ከሰል፣ ዕጣን፣ ቡና ማፍላት በዚያ ክፍል አይሆንም። ዕጣኑን መከልከል አያቶችን እንደሚያስቀይም እናውቃለን፤ ግን ኦክስጅን ባለበት ብልጭታ ሁሉ ወደ እሳት ይሄዳል።

ጥያቄ፦ በረኪና ስንት በስንት?

መልስ፦ 5 በመቶ ከሆነ ለበር እጀታና ለጠረጴዛ 20 ሚሊ ሊትር ጨምራችሁ በውሃ 1 ሊትር ሙሉት፤ የሽሮፕ መለኪያ ክዳን ይበቃል። ትውከት ወይም ሰገራ ለነካው 100 ሚሊ ሊትር። በየቀኑ አዲስ በጥብጡ፤ ከኮምጣጤም ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ብቻዬን አስታምማለሁ፤ ጠያቂው ደግሞ በር ላይ ቆሞ አላስገባችንም ብሎ ይቀየማል።

መልስ፦ አያስገቡ፤ የመጣውን ግን ባዶ እጁን አይመልሱት፤ ሥራ ይስጡት። አንዱ መድኃኒት ይግዛ፣ አንዱ ምግብ ሠርቶ በር ላይ ያስቀምጥ። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ብቻ ማታ 1 ሰዓት ላይ ለሁሉም እየደወለ ይንገር፤ የእርስዎ ስልክ ለሐኪሙ ነጻ ይሁን። ጤነኛና ወጣት የሆነ፣ የተከተበም ከተገኘ ይመረጣል፣ አንድ ተተኪ ይያዙ። እሱ ማስክ አድርጎ፣ መስኮት ከፍቶ 6 ሰዓት ሲቆይ እርስዎ በሌላ ክፍል ይተኙ። ተተኪው ማታ ባይመጣም ቀን ይምጣ፤ ቀን የተኛ አስታማሚ ሌሊት መድኃኒት አያሳስትም።