ፒክአፕን ለድራግ ሩጫ ማዘጋጀት፦ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቼ እጄ ዘይት ከነካ 19 ዓመት ሆነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ ከሥራ ሰዓት ውጪ አንድ ሲንግል ጋቢና ሃይሉክስ ለድራግ ሩጫ እያዘጋጀሁ ነው፤ ከቆመበት ተነስቶ 402 ሜትር በቀጥታ ለሚሮጥ ሩጫ ማለት ነው። ያላችሁን ጠይቁኝ ብል ሁሉም ስለ ፈረስ ጉልበት ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ አብዛኛውን እየጎተትኩ ወደ ኋላ ጎማ መልሼዋለሁ፤ ካሁኑ ይቅርታ።

ከደሴ፦ ሃይሉክሴ 5ኤል ሞተር ነው፣ ቱርቦ የለውም። ደሴ ላይ ጥቁር ጭስ እየተፋ ይሞትብኛል፤ ወደ ሚሌ ስወርድ ሌላ መኪና ይሆናል። ፖምፓው ይሆን?

አብሽር፣ ፖምፓውን ገና አታስፈታ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ስለሆነች አንድ አምስተኛ ያህል ታጣለህ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያገኘውን ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሚረጨው ናፍጣ ግን ያው ነው፤ አየር ያላገኘው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ "ናፍጣ ልጨምርልህ" ብሎ የፖምፓዋን ቡሎን የሚያዞርልህ ሰው በገንዘብህ ጭስ ነው የሚሸጥልህ። የአየር ማጣሪያውን ቀይር፣ ኢንጀክተሮቹን አስፈትሽ። ጭሱ ካልጠፋ ናፍጣውን አስቀንስ።

በቁጥር ማየት ለሚፈልግ አንድ የቆየ ግምታዊ ስሌት አለ። የመኪናውን ክብደት ከነሹፌሩ በኪሎ ውሰድ፣ ለፈረስ ጉልበቱ አካፍል፣ የውጤቱን ኩብ ሩት አውጣ፣ በ7.6 አባዛው። 1,600 ኪሎ በ100 ፈረስ 19 ሴኮንድ ከትንሽ ይሰጥሃል። ኮምቦልቻ ላይ 80 ፈረስ ቀረህ እንበል፤ 20.6 ይሆናል። ምንም ዕቃ ሳይበላሽ ወደ ሴኮንድ ተኩል ሄደ። አሁን ደግሞ በዚያው 80 ፈረስ 200 ኪሎ አውርድ፦ 19.7። ከፍታው ከወሰደብህ ከግማሽ በላዩን በመፍቻ ብቻ መለስከው ማለት ነው።

ከወልድያ፦ በዚህ ከፍታ የሚሮጥ ሰው ዓለም ላይ አለ ወይስ እኛ ብቻ ነን የምንለፋው?

አለ እንጂ። አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባንዲሜር የሚባል የድራግ ሜዳ ከ1958 እስከ 2023 እንደ ፈረንጆቹ ሲሠራ ቆይቶ ተዘግቷል። ከፍታው 1,770 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከኮምቦልቻ ጥቂት ዝቅ ይላል። የአገሪቱ የድራግ ማኅበር፣ በ1951 የተመሠረተው ኤንኤችአርኤ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለሚወዳደሩ መኪኖች ሰዓቱን የሚያስተካክልበት የማባዣ ሰንጠረዥ አለው። በሌላ አነጋገር፣ ኮምቦልቻ ላይ ያስመዘገብከውን ሰዓት ዝቅ ያለ አገር ከሮጠ ሰው ሰዓት ጋር አጋጥመህ አንገትህን አትድፋ።

ከመርሳ፦ ባዶ ካሶኒ ይዤ ስነሳ የኋላ ጎማዬ እንደ ፍየል ይዘላል። ባሌስትራ ልጨምር?

የዛሬው ጥያቄ ይሄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ፒክአፕ የተሠራው ለጭነት ነው። ባዶውን ሲቆም ክብደቱ ፊት ላይ፣ ሞተሩ ላይ ነው፤ የሚገፋው ጎማ ግን ኋላ ነው። ፍሪሲዮን ስትለቅ ጎማው ወደፊት ሲዞር ዲፈረንሻሉ በተቃራኒው መጠምዘዝ ይፈልጋል። የያዘው ባሌስትራ፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የተደራረበ የብረት ስፕሪንግ፣ ብቻ ስለሆነ ባሌስትራው እንደ እባብ ይጣመማል፣ ከዚያ ተፈናጥሮ ይመለሳል፣ እንደገና ይጣመማል። ያ ነው ዝላዩ። ክሮቼራ (የካርዳኑን መስቀል መገጣጠሚያ) የሚበላውም እሱ ነው።

እኔ ያየሁት በዓይኔ ሳይሆን በስልክ ነው። የአንድ ወዳጄ የእህል መጋዘን ግቢ ውስጥ 18 ሜትር ከ30 ሳንቲም ለክተን ሁለት ድንጋይ አስቀመጥን። ይህች ርቀት 60 ጫማ ናት፤ ድራግ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ሰዓት የሚወሰደው እሷ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ መሬት ላይ በሆዱ ተኝቶ ከጎማው ትይዩ ቀረጸ። ቪዲዮውን እያቆምን ስናየው ባሌስትራው ከፊት በኩል ሆዱን ነፍቶ፣ ከኋላ በኩል ሰርጉዶ፣ ጎማው ከመሬት ጣት የሚያሾልክ ክፍተት ፈጥሯል። ልጁ "አያ፣ መኪናው ያስነጥሳል" አለኝ። ስልኩ በሴኮንድ 30 ምስል ነው የሚይዘው። ከመጀመሪያው ንቅናቄ እስከ ሁለተኛው ድንጋይ 87 ምስል ቆጠርን፤ 2.9 ሴኮንድ።

መፍትሔው ተጨማሪ ባሌስትራ አይደለም። ያ መኪናውን ያደርቀዋል፣ ባዶውን ጭራሽ ይዘላል። መፍትሔው ከዲፈረንሻሉ ቤት ተነስቶ ወደ ሻንሲው ወደፊት የሚሄድ፣ መጠምዘዙን የሚከለክል ብረት ነው፤ በየጎኑ አንድ። ቱቦ ብረት ገዝተህ ቶርኖ ቤት ጫፉን አስሠራ። ግን የፊቱ ጫፍ በሚወዛወዝ ማያያዣ መታሰር አለበት። የመጀመሪያውን ሁለቱንም ጫፍ ድርቅ አድርጌ በየድኩት። ግቢ ውስጥ ጥሩ ሠራ። በማግስቱ ሲሚንቶ ጭኜ ገራዶ ስደርስ አንዱ ብየዳ ከነላሜራው ተገንጥሎ አስፋልቱን እየፋቀ ሄደ። ባሌስትራው ሲዘረጋ ርዝመቱ ይለወጣላ፤ የደረቀው ብረት የት ይሂድ? ሁለተኛው ይኸው እስካሁን አለ። በእሱ 78 ምስል፣ 2.6 ሴኮንድ። መነሻ ላይ ያዳንካት 0.3፣ 402 ሜትር መጨረሻ ላይ ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ትሆናለች። ሞተሩ አልተነካም።

የጎማ ንፋስም እይ። ጎሚስታው ለጭነት ብሎ 45 ሞልቶልህ ይሆናል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለባዶ መኪና የጻፈውን ሙላ፤ ከዚያ በታች አትውረድ።

ከኮምቦልቻ፦ ካሶኒው ላይ ሦስት ኩንታል አሸዋ ብጥልስ?

ይይዝልሃል፣ ግን ያንኑ ሦስት ኩንታል 402 ሜትር ሙሉ ትጎትተዋለህ። ከላይ ያለውን ስሌት ሥራው። በመጀመሪያ ያለህን ክብደት አዘዋውር፦ ባትሪውን ወደ ኋላ፣ የትርፍ ጎማውን ደግሞ እንዳለ ተወው፤ ከኋላ አክሰል ወዲያ ስለተንጠለጠለ ለአንተ ይሠራል። ከጨመርክም እሰር። ያልታሰረ ጆንያ ፍሬን ስትይዝ ጋቢናው ውስጥ ነው የሚያርፈው።

ከከሚሴ፦ ፎር ባይ ፎር አስገብቼ ብነሳ አይሻልም?

መነሻው ይሻላል። ግን ሃይሉክስ የፊትና የኋላውን የሚያለያይ መሃል ዲፈረንሻል የለውም፤ ደረቅ አስፋልት ላይ መሪ ካዞርክ እርስ በርሱ ይታነቃል። ቀጥታ ብቻ፣ መሪው ቀጥ ብሎ፣ ከዚያ አውጣው።

ከቆቦ፦ የድሮውን 3ኤል ሞተር አውጥቼ ዲፎርዲ ላስገባ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ዲፎርዲ ስትል 1ኬዲ የሚባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ማለትህ ከሆነ ጥሩ ሞተር ነው። 2,982 ሲሲ፣ ቱርቦ አለው፣ ሃይሉክስ ላይ በፋብሪካው እንደ ዓመተ ምርቱ ከ163 እስከ 171 ፈረስ። ከፍታው ላይ የምትወደውም ለዚህ ነው፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ይሰጥሃል።

ግን ያገለገለ ሞተር ስትገዛ ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ቋት) አስፈታ። ሻጩ እምቢ ካለ ተወው። የዚህ ሞተር የታወቀ ሕመም ኢንጀክተሮቹ ሥር ያለችው ዋሸር ናት፤ በተለይ በድሮዎቹ ላይ ያለችው የመዳብ። እሷ ስትለቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፣ ኮፓው ውስጥ ያለችው የዘይት መሳቢያ ወንፊት ትደፈናለች። ከዚያ ሞተሩ ዘይት ተጠምቶ ይሞታል። ወንፊቷ ላይ ጥቁር ቅርፊት ካየህ ዋጋውን እንደ ብረታ ብረት ተደራደር።

ሌላው፦ ኮምፒውተሩን፣ ሽቦውንና ቁልፉን ከሞተሩ ጋር አንድ ላይ ግዛ። ሊብሬው ላይ የሞተር ቁጥር አለ፤ ሳታስቀይር ለቦሎ ብትሄድ ትመለሳለህ። ላምባ የተቀላቀለበት ናፍጣም አታስጠጋው፤ የዚህ ሞተር ፖምፓ የሚለሰልሰው በናፍጣው ነው።

ከዚያው ከቆቦ፦ ጉልበት ይጨምራል የሚሉትን የቺፕስ ሳጥን ባስገጥምስ?

ብዙዎቹ ርካሾቹ ሳጥኖች የሚሠሩት ለኮምፒውተሩ ስለ ናፍጣው ግፊት በመዋሸት ነው፤ አነሰ መስሎት ይጨምራል። የተሰናዱት ደግሞ ለዝቅተኛ አገር ነው። እዚህ ቱርቦው ያንኑ ግፊት ለማምጣት ድሮውንም በበለጠ ፍጥነት እየዞረ ነው፤ ላዩ ላይ ስትጨምርበት ዘንጉን ትበላዋለህ። የጭስ ማውጫ ሙቀት መለኪያ ሳትገጥም አትንካው። ከ700 ዲግሪ በላይ ብዙ ከቆየ ፒስቶንህ አሉሚኒየም መሆኑን አስታውስ።

ማርሚታውን ብቆርጠውስ? (አምስት ሰው ጠይቋል)

ድምፅ ታገኛለህ።

ከሐይቅ፦ የአባቴን ፒክአፕ ነው የምነዳው። እኔም መኪናውም ቀስ ያልን ነን። በዚህ መኪና ሰው ይሸነፋል?

እህቴ፣ ይሸነፋል። ድራግ ውስጥ ብራኬት የሚባል አወዳደር አለ። መኪናሽ ስንት ሴኮንድ እንደሚሮጥ ቀድመሽ ትናገሪያለሽ። አንቺ 20.6 አልሽ፣ ተጋጣሚሽ 15.6 አለ እንበል፤ አንቺ አምስት ሴኮንድ ቀድመሽ ትለቀቂያለሽ። ከተናገርሽው በታች ከገባሽ ደግሞ ትወድቂያለሽ። ስለዚህ የሚያሸንፈው መኪናውን የሚያውቅና የመነሻው መብራት ላይ ያልተኛ ነው። የሩጫው ሰዓት መቁጠር የሚጀምረው መኪናው ሲንቀሳቀስ ነው፤ አረንጓዴ በርቶ የተኛሽበት ለብቻው ይቆጠርብሻል። አሥር ጊዜ ተነሺና አሥሩም አንድ ዓይነት ይሁን። ማርሽ ሁልጊዜ እዚያው ዙር ላይ ቀይሪ። ናፍጣ ሞተር እስኪጮህ መጠበቅ ትርፍ የለውም።

ከደሴ፦ ሐረጎን ስወርድ ፍሬኔ ይሸተኛል። ለሩጫ ይበቃል?

ለሐረጎም አይበቃም። በማርሽ ውረድ፣ ሸራውን አስቀይር። ከኋላ አክሰሉ በላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች፤ ካሶኒው በጭነት ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የምትጨምር። መኪናህን ከኋላ ዝቅ ካደረግከው ተጭነሃል ብላ ታስባለች፤ ባዶውን ፍሬን ስትይዝ የኋላው ይቆለፍና ትሽከረከራለህ። ከፍ ካደረግከው ደግሞ ጭነህ እንኳ የኋላው ፍሬን ይዳከማል ማለት ነው። ቁመት የነካ ሰው እሷን ሳያስተካክል ከግቢዬ አይወጣም።

ብዙ ሰው፦ የት እንሩጥ? ማታ ማታ የሐይቅ መንገድ ላይስ?

አይሆንም። ባጃጅ አለ፣ ከብት አለ፣ መብራት የሌለው ጋሪ አለ። አስፋልት ላይ "እንግጠም" የሚለኝን ሰው መኪና አልሠራም፤ ሁለት ደንበኛ በዚህ ጠፍቶብኛል፣ ይጥፋ። የተከለለ ሜዳ እስክናገኝ 18 ሜትሯ ትበቃናለች። ለእሷ አጥር ያለው ግቢ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ከባቲ፦ ልጄ፣ እኔ ማሽላ የምጭንበት ሰው ነኝ። ልጁ መኪናዬን ለሩጫ እፈታዋለሁ እያለ ሰላም ነሳኝ። ሁለቱንም መሆን ይችላል ወይ?

ጋሼ፣ ይችላል። ባሌስትራውን እንዳይነካብዎት፣ ቁመቱንም። ብረቶቹ በቡሎን እንጂ በብየዳ እንዳይታሰሩ ይንገሩት፤ ሰኞ ለገበያ ሲጭኑ ይፈታሉ። ልጁንም ቅዳሜ ከሰዓት ከነመኪናው ይላኩልኝ፤ መጋዘኑ ያን ጊዜ ባዶ ነው፣ ድንጋዮቹም እዚያው ናቸው።