ማክሰኞ ማታ ምን እናድርግ? ለአንደኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች

ውድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣

ተማሪ በማማከር ሥራ ያረጀ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍላችሁ ስለ ጥናት ሊመክር ነው ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ስለ ጥናት የሚመክራችሁ ሰው አታጡም፤ እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ጨዋታ ነው። ጨዋታም እንደ ሌላው ሥራ ሁሉ አሠራር አለው፤ አሠራሩን የሚያስተምር ግን የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በትልልቅ ዝግጅቶች የተሞሉ ናቸው። ሂዱ፣ ጨፍሩ። ነገር ግን ሦስት መቶ ሰው በተሰበሰበበትና ሙዚቃው ጆሮ በሚደፍንበት ቦታ የተዋወቃችሁትን ሰው ስም በማግስቱ አታስታውሱትም። ዓመቱን የሚያጣፍጠው በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ የሚደገም ትንሽ ነገር ነው። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሊዮን ፌስቲንገር፣ ስታንሊ ሻክተርና ከርት ባክ ኤም አይ ቲ በተባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ተቋም ባለትዳር ተማሪዎች መኖሪያ ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት ሥራ፣ ሰዎች በብዛት የሚወዳጁት በራቸው ከሚቀራረብና ደረጃ ላይ ዘወትር ከሚገናኟቸው ጋር እንደሆነ አሳይተዋል። በካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጄፍሪ ሆል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ትውውቅ ወደ ቀላል ወዳጅነት እስኪደርስ 50 ሰዓት ያህል፣ ወደ ጓደኝነት 90፣ ወደ የቅርብ ጓደኝነት ከ200 በላይ አብሮ መዋልን እንደሚጠይቅ ገምቷል። ሒሳቡን ሥሩት፦ በሳምንት ሁለት ሰዓት ብትገናኙ 50 ሰዓት ለመሙላት 25 ሳምንት ይፈጃል፤ የትምህርት ዓመቱ ሊያልቅ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ጀምሩ።

ቀኑ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይሁን። አርብና ቅዳሜ ሰው ይበተናል፤ ገሚሱ ቤተሰቡ ጋ ይሄዳል፣ ገሚሱ የተሻለ ነገር ይመጣል ብሎ ቃሉን አይሰጣችሁም። ማክሰኞ ማታ ግን ማንም የተሻለ ነገር አይጠብቅም።

አጠራሩ ላይም ብዙ ነገር ይበላሻል። «አንድ ቀን እንገናኝ» ማለት አለመገናኘት ነው። እንዲህ ጻፉ፦ «ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ሁለተኛ ፎቅ የጋራ ክፍል፣ ቼዝና ፒንግ ፖንግ፣ 3 ሰዓት ላይ እንጨርሳለን።» የማብቂያውን ሰዓት አትርሱ። በማግስቱ ጠዋት ክፍል ያለው ተማሪ የሚመጣው መቼ እንደሚወጣ ሲያውቅ ነው። በግሩፕ የተለጠፈ መልእክት ሁሉም አይቶት ሁሉም ያልፈዋል፤ ስለዚህ ስምንት ሰው በየስሙ ጥሩ፣ አምስቱ ከመጡ ተሳክቶላችኋል። ከአሥራ ሁለት በላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጨዋታው ሁለት ቦታ ይከፈላልና ሁለተኛ ጠረጴዛ አዘጋጁ።

አሁን ወደ ጨዋታው። ውድድር ማዘጋጀት ቀላል ይመስላል፤ የሚያበላሸው የቁጥር ስሌት ነው። ስምንት ሰዎች ሁሉም ከሁሉም ጋር ፒንግ ፖንግ ይጫወቱ ብትሉ 28 ግጥሚያ ይሆናል። እያንዳንዱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅና ጠረጴዛው አንድ ቢሆን ሰባት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። ጥሎ ማለፍ ብትሉ 7 ግጥሚያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን አራቱ ሰዎች አንድ ጊዜ ተጫውተው ተሸንፈው ይወጣሉ፣ እነሱም በሚቀጥለው ሳምንት አይመጡም። የሚያዋጣው በአራት በአራት ሁለት ምድብ መክፈል ነው። በየምድቡ 6፣ በጠቅላላው 12 ግጥሚያ ይሆናል፤ እነዚህን እስከ 11 ነጥብ በአንድ ጨዋታ ብቻ ጨርሷቸው፣ ስድስት ስድስት ደቂቃ ያህል ይበቃቸዋል። ሁለቱን ግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜውን ከሦስት ሁለት ያሸነፈ በሚል አጫውቱ። ሁሉም ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጫወታል፣ ምሽቱም በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ያልቃል። ሰርቪስ በየሁለት ነጥቡ እንደሚቀያየር፣ 10 ለ 10 ከሆነ ደግሞ በየነጥቡ እንደሚቀያየርና በሁለት ነጥብ ልዩነት ካልሆነ እንደማያልቅ ከመጀመራችሁ በፊት ተናገሩ። ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ለቼዝ ከዚህ የተሻለ መላ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1895 ዙሪክ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ የዋለው የስዊስ ሥርዓት። ማንም አይወጣም። የመጀመሪያው ዙር በዕጣ ይመደባል፤ ከዚያ በኋላ በየዙሩ እኩል ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ፣ አንዴ የተጋጠሙ ሁለት ሰዎች ግን ዳግም አይጋጠሙም። ለ16 ተጫዋች 4 ዙር፣ ለ8 ተጫዋች 3 ዙር ሲሆን ሁሉንም ያሸነፈ ከአንድ ሰው በላይ ሊኖር አይችልም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች 5 ደቂቃ ስጡ፤ የቼዝ ሰዓት ባይኖራችሁ በስልክ ላይ የሚጫን ነጻ መተግበሪያ ይሠራል። አንድ ዙር ከ10 ደቂቃ አይበልጥም፣ 4 ዙር ከነመቀያየሩ በአንድ ሰዓት ያልቃል። የዚህ አካሄድ ትልቁ ጥቅም ደካማ ተጫዋች ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ እኩያውን ማግኘቱ ነው። ጀማሪ የሚሸሸው ቼዝን ሳይሆን በየጊዜው በዐሥር እርምጃ መሸነፍን ነው።

ፊልም ማታን ብዙዎች ይሞክሩታል፣ ብዙዎችም በሁለተኛው ሳምንት ይተዉታል። ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ምርጫው ነው፤ ሰው ተሰብስቦ አርባ ደቂቃ «ምን እንይ» ሲባባል ያመሻል። አዘጋጁ እስከ እኩለ ቀን ሁለት ፊልም ብቻ አቅርቦ ድምፅ ያሰጥ፤ ከ110 ደቂቃ የሚረዝም ግን አያቅርብ። ሌላው ችግር ድምፅ ነው። ደብዘዝ ያለ ምስል ሰው ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም። የላፕቶፕ ስፒከር ከአራት ሰው በላይ አይበቃም፤ የብሉቱዝ ስፒከር ድምፅ ደግሞ ከከንፈር እንቅስቃሴው ወደ ኋላ ሊቀር ስለሚችል በኬብል አገናኙት። ፊልሙንም፣ ሰብታይትሉንም፣ የፕሮጀክተሩን ገመድም ሰው ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ሞክሩ። ሲያልቅ መብራቱን ወዲያው አታብሩ፤ ወሬው የሚጀመረው ስሞች በሚያልፉበት ሰዓት ነው።

ሰማይ ማየት ምንም ወጪ የለውም። ዓይን ከጨለማ ጋር እስኪላመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ሰው ስልኩን ብቻ ቢያበራ የሁሉም ድካም ከንቱ ነው፣ ስለዚህ መብራት ካስፈለገ ቀይ ይሁን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዲሴምበር 13 እና 14 ሌሊት የጀሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች ይበረታሉ፤ ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፣ በጀርባ ተኝቶ ሰፊውን ሰማይ ማየት ይበቃል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ግን አትልፉ፣ ደካማዎቹን ትሸፍናቸዋለች። ራሷን ጨረቃን ለማየትም ግማሽ ስትሆን ይሻላል፤ ጥላው በተራሮቿና በጉድጓዶቿ ላይ የሚወድቀው ያኔ ነው። 10 በ50 የሆነ (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት መስተዋቱ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው) ባይኖኩላር ካገኛችሁ ጁፒተር ላይ አነጣጥሩ። ክንዳችሁ ካልተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳ ላይ መደገፍ ይረዳል፣ ጋሊሊዮ በጃንዋሪ 1610 ያያቸውን አራት ጨረቃዎች ወይም ጥቂቶቹን ከጎኑ ተሰልፈው ታገኛላችሁ።

ለእግር ጉዞ ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣውን ደንብ ያዙ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት። 10 ኪሎ ሜትር ከ600 ሜትር ዳገት ጋር ሦስት ሰዓት ነው ማለት ነው። ይህ ዕረፍት አይጨምርም፤ የሚያወራ፣ ፎቶ የሚያነሳና ያልለመደ ቡድን ስለምትሆኑ ግማሹን ጨምራችሁ አራት ሰዓት ተኩል አስቡ። ውኃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ለሰው፤ ለዚህ ጉዞ ከሁለት ሊትር በላይ መሆኑ ነው። ቀርፋፋውን ከፊት አስቀድሙት፤ ከኋላ ከሆነ ሌሎቹ አርፈው ሲጠብቁት ይቆዩና እሱ ሲደርስ ይነሳሉ፣ ምስኪኑ ሳያርፍ ይውላል። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አታውጡ። የምትመለሱበትንም ሰዓት አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ጫፍ ባትደርሱም ያ ሰዓት ሲሞላ ተመለሱ።

ብዙ ተማሪ የማይጠቀምበት ሌላ ደስታ የሌላ ዲፓርትመንት ክፍል ገብቶ መስማት ነው። የኢኮኖሚክስ ተማሪ ስለ ቅሪተ አካል፣ የሕክምና ተማሪ ስለ ሥነ ሕንጻ ይስማ። መምህሩን አስቀድማችሁ በአጭሩ አስፈቅዱ፣ ከኋላ ተቀመጡ፣ ሳያልቅ አትውጡ። ቤተ ሙከራና አነስተኛ የውይይት ክፍል ለዚህ አይሆኑም፤ ሰፊ አዳራሽ ምረጡ።

ክበብን በተመለከተ ሁለት ይበቃል፦ አንድ የምታውቁት ነገር፣ አንድ ፈጽሞ የማታውቁት። አሥር ቦታ ስም አስመዝግቦ የትም አለመታየት የአንደኛ ዓመት በሽታ ነው። ሦስት ጊዜ ሳትሄዱ አትፍረዱ፤ የመጀመሪያው ቀን መተዋወቅና ወረቀት መሙላት ብቻ ነው።

ዓይን አፋር ለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ ያዙ። ሰዓት ጠባቂ፣ ውጤት መዝጋቢ፣ ፎቶ አንሺ፣ ገመድ አገናኚ ሁኑ። ሥራ ያለው ሰው ወሬ መፈለግ አያስፈልገውም፣ ሰው ራሱ ሊጠይቀው ይመጣል።

ገንዘብ የሚያስፈልግ ከሆነ አስቀድማችሁ ሰብስቡ፤ አንዱ ከፍሎ በኋላ ሲለምን የሚቀር ወዳጅነት ብዙ ነው። የሚዋጣውም በቡድኑ ውስጥ አቅሙ ዝቅ ያለው ሳይሳቀቅ የሚከፍለው ይሁን። መጠጥ ካልጠጣህ፣ ካልተዋረድህ አንቀበልህም የሚል ስብስብ ካጋጠማችሁ ደግሞ ያንን ምሽት ተዉትና ሌላ ማክሰኞ አዘጋጁ።

ፈተና ሲደርስ አብዛኛው ቡድን «ለጊዜው እናቁም» ይላል። አታቁሙ፣ አሳጥሩት። ሁለት ሰዓቱን ወደ ግማሽ ሰዓት አውርዱት፤ አንድ ዙር ቼዝ ወይም ግቢውን አንድ ጊዜ መዞር ይሁን፣ ቀኑና ቦታው ግን አይቀየር። ለሁለት ተከታታይ ሳምንት የቀረ ነገር እንደገና ከዜሮ መጥራት ይጠይቃል፣ በሁለተኛው መንፈቅ ደግሞ የሁሉም የትምህርት ፕሮግራም ስለሚቀየር በመጀመሪያው ሳምንት ላይ አዲሱን ሰዓት ተስማምታችሁ ያዙ።