«አደብ ግዙ» ያልኩባት ቀን

ባለፈው ሳምንት ትርጉም የሚማር አንድ ልጅ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ከምቀመጥበት መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ፈረንጆቹ "ዲኤስካሌት" የሚሉትን በአማርኛ ምን እንበለው?» አለኝ። «ማርገብ በለው» ብዬ ሸኘሁት። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ድሬዳዋ፣ በአንድ ፋብሪካ አስተርጓሚ ነበርኩ። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ስለነበር ቤታችን ውስጥ መዶሻው እንኳን የሚጠራው በፈረንሳይኛ ነበር፤ ቋንቋውን ያገኘሁት ከዚያ ነው። ደመወዝ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ ሠራተኛው በር ላይ ተሰብስቧል። ግንቦት ነው፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። የውጭ አገሩ ሥራ አስኪያጅ ላቡ በአንገቱ እየወረደ፣ መዳፎቹን ዝቅ ዝቅ እያደረገ «ካልሜ ቩ» አለ፤ «ተረጋጉ» ማለቱ ነው። ልመና ነበር። እኔ ግን አዲስ ሸሚዜን ለብሼ፣ ከአለቃ ጎን ቆሜ፣ «አደብ ግዙ ብሏችኋል!» አልኩ።

ዝም አሉ። የተረጋጉ መስሎኝ ደስ አለኝ። ከፊት የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሠራተኛ ቀስ ብለው «አደብ? እኛ ባለጌ ነን?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን የማስታውሰው በድምፅ ብቻ ነው፤ በሩ ሲናጋ፣ መስታወት ሲረግፍ። ሥራው ሦስት ቀን ቆመ። ሲከፈት ሽማግሌው «አነሳሽ» ተብለው ተባረሩ። መስታወቱን አልነኩም። ስጠየቅ «አላየሁም» አልኩ፤ ቃሉ የእኔ እንጂ የሥራ አስኪያጁ እንዳልነበረም አልተናገርኩም።

ከበሮ ይወጠራል፣ የጠፍር አልጋ ይወጠራል፤ ውጥረት ያልነው ከዚያ ነው። የተወጠረ ይረግባል። ጠፍሩ ረገበ ማለት ግን ተፈታ ማለት አይደለም። ያን ቀን ውጥረቱ ቢረግብ ኖሮ ሰዎቹ ደመወዛቸውን መጠየቃቸውን አይተዉም ነበር፤ እርቅ ገና ሌላ ሥራ ነው። የፈረንጆቹ ቃል ሥሩ የላቲኑ መሰላል ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር በ1960ዎቹ፣ በቬትናም ጦርነት ሰሞን ገነነ። የእኛ ጠብ መሰላል አይወጣም፤ ይግላል። ኦሮምኛው «ቀበኔሱ» ይላል፣ ሶማሊኛውም ቅዝቃዜን «ቀቦው» ይላል፤ አማርኛው «ማብረድ» አለው። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ይኸኛው ሳይሻል አይቀርም፤ ልጁን ቸኩዬ ሸኝቼዋለሁ። ለንዴትና ለጠብ ማብረድ፣ ለአነጋገር ማለዘብ ይሁን። ዜና ላይ «ግጭቱን ማርገብ» ሲሉ ግን ጆሮዬን ይቆረቁረኛል፤ የተጋጨ ነገር ምኑ ይረግባል?

እናንተ ስልካችሁ ላይ ሦስት ቃል ጽፋችሁ ሰፈር ታግላላችሁ። እኔ ስልክም አላስፈለገኝም፤ ሁለት ቃል በቃኝ።

ከዓመታት በኋላ ሽማግሌውን ቀፊራ ገበያ ሎሚ በመደብ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ልናገር አፌን ከፈትኩና «ስንት ነው?» አልኩ። ገንዘቡን ሰጥቼ፣ ሎሚውን ይዤ በፍጥነት ራቅኩ። ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ መልስህን!»