ሁለት መዛኝ፣ ሁለት ነጥብ

ጥያቄ

ክቡር አዘጋጅ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በዚሁ ሙያ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርእስ የሥራ አፈፃፀም ምዘና ነው። በሽመና ክፍል ያሉትን የሁለት ፈረቃዎች የስድስት ወር የምዘና ቅጾች ሰብስቤ ሳነጻጽር፣ የአንደኛው ፈረቃ ኃላፊ ለሠራተኞቹ በአማካይ 86፣ የሁለተኛው ደግሞ 74 ነጥብ መስጠታቸውን አገኘሁ። ቦነስ የሚታሰበው 80 እና ከዚያ በላይ ላገኘ ስለሆነ፣ የሁለተኛው ፈረቃ ሠራተኞች ሲያጉረመርሙ ከርመዋል። ውጤቱን ለአለቃዬ ሳሳያቸው፣ «እንግዲያው ያ ሰውዬ ክፉ ነው ማለት ነው፤ ጥናትሽ ላይ ጻፊውና ማስጠንቀቂያ እንሰጠዋለን» አሉኝ። ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ሥነ ፈለክ የሚያጠናው ታናሽ ወንድሜ ይህን ሲሰማ፣ «እኛ ዘንድ እኮ በዚህ ምክንያት ሰው ከሥራ ከተባረረ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» ብሎ ስቆብኝ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ምን ማለቱ ነው? ለጥናቴስ ይጠቅመኛል?

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

ወንድምዎ የጠቀሰልዎ ታሪክ እውነተኛ ነው፤ ለጥናትዎም ከብዙ የሰው ሀብት መማሪያ መጻሕፍት ይልቅ ይቀርባል።

ነገሩ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር፣ በግሪኒች የሥነ ፈለክ መመልከቻ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የመመልከቻው ኃላፊ ኔቪል ማስክሊን፣ ረዳታቸው ደግሞ ዴቪድ ኪነብሩክ ነበሩ። ከዋና ዋና ሥራዎቻቸው አንዱ፣ አንድ ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ የተዘረጋውን ቀጭን ክር የሚያልፍበትን ቅጽበት መመዝገብ ነበር። ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ዓይንንና ጆሮን በአንድ ጊዜ ያስጨንቃል። ተመልካቹ ሰዓቱን አይቶ ሰከንዱን ይይዛል፤ ከዚያ ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ተክሎ የሰዓቱን ምት በጆሮው እየቆጠረ፣ ኮከቡ ክሩ ላይ ሊደርስ ሲል በተሰማው ምት የት እንደነበረ፣ ክሩን ካለፈ በኋላ በተሰማው ምት ደግሞ የት እንደደረሰ በአእምሮው ያስቀምጥና፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በዓይኑ መትሮ ማለፊያውን እስከ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ድረስ ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ1795 የኪነብሩክ ምዝገባ ከአለቃው ምዝገባ በግማሽ ሰከንድ እየዘገየ መምጣቱ ታየ። ተነገረው፤ ሊያርመውም ሞከረ። በ1796 መጀመሪያ ግን ልዩነቱ 0.8 ሰከንድ ደረሰ። እንደ ዋዛ የሚታለፍ መጠን አይደለም፤ በ0.8 ሰከንድ ውስጥ ምድር በወገቧ በኩል 370 ሜትር ያህል ትዞራለች። ማስክሊን የረዳታቸውን ትጋት ሳይክዱ፣ እያዘኑም ቢሆን፣ ከሥራ አሰናበቱት።

ማስክሊን ያደረጉት አለቃዎ ሊያደርጉት ካሰቡት የተለየ አይደለም። የራሳቸውን ቁጥር እንደ ሚዛን ወሰዱ፣ ከእርሱ የራቀውንም ጥፋት ብለው ጠሩት፤ ሚዛኑን ማን እንደመዘነው አልጠየቁም።

ጥያቄውን ያነሡት ከሃያ ዓመት በላይ ቆይተው በፕሩሲያዋ ከተማ በኮኒግስበርግ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ፈለክ ሊቅ ፍሬድሪክ ቤሰል ናቸው። ቤሰል የግሪኒችን ታሪክ አንብበው፣ በቂ ልምድ ያለው ሰው ይህን ያህል ሊዘገይ የሚችለው በስንፍና ብቻ ነውን ብለው ተጠራጠሩ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ወደ 1820 ገደማ ከሌላ የሥነ ፈለክ ሊቅ ከዋልቤክ ጋር ሆነው የተመረጡ ኮከቦችን ለሁለት ተካፈሉ፤ በአንደኛው ሌሊት አንዱ የተመለከተውን በማግሥቱ ሌላው እንዲመለከት እየተለዋወጡ መዘገቡ። ሁለቱም ጀማሪ አልነበሩም። በመካከላቸው የተገኘው ልዩነት ግን ከ1 ሰከንድ በለጠ፤ ማለትም ምስኪኑን ኪነብሩክ ካስባረረው ልዩነት ይበልጥ ነበር። በኋላ ቤሰል ከሌላው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከአርጌላንደር ጋር ሲወዳደሩም ልዩነቱ ከ1 ሰከንድ በላይ ሆኖ ተገኘ። ባለሙያዎቹ ይህን ሰው ከሰው የሚለይበትን መጠን «ግላዊ እኩልታ» የሚል ስም አወጡለትና በስሌታቸው ውስጥ ያስገቡት ጀመር።

እዚህ ላይ በጥናትዎ ውስጥ ሊያልፏቸው የማይገባ ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው፣ ቤሰል እነርሱ ሁለቱ በስንት እንደሚለያዩ እንጂ ከሁለቱ ማን ትክክል እንደሆነ ማወቅ አለመቻላቸው ነው፤ ኮከቡ ራሱ መጥቶ «ያለፍኩት በዚህ ቅጽበት ነው» አይልም። ሁለተኛው፣ ልዩነቱ አንድ ጊዜ ተለክቶ የሚተው አለመሆኑ ነው፤ በዚያው በሁለት ሰዎች መካከል እንኳ ከጊዜ ወደ ጊዜ ይቀየራል። እንግዲህ 86 እና 74ን አይተን አንደኛውን ደግ፣ ሁለተኛውን ክፉ ማለት አንችልም። 74 የሰጡት ኃላፊ ትክክለኛ፣ 86 የሰጡት ደግሞ ለጋስ ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚህም በላይ፣ የአንደኛው ፈረቃ ሠራተኞች በእውነት የተሻሉ ሆነው ልዩነቱ ከኃላፊዎቹ ላይሆንም ይችላል። የሰበሰቧቸው ቅጾች እነዚህን ለይተው ሊነግሩዎ አይችሉም፤ ምክንያቱም አንድም ሠራተኛ በሁለቱም ኃላፊዎች አልተመዘነም።

በእርስዎ ሙያ ውስጥም ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ እ.ኤ.አ. በ1920 የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጧቸውን ነጥቦች መርምሮ፣ የማይገናኙ የሚመስሉ ጠባዮች፣ ለምሳሌ የሰውነት ቁመናና የማሰብ ችሎታ፣ ከሚገባው በላይ አብረው ሲወጡና ሲወርዱ አገኘ። መዛኙ በጥቅሉ የወደደውን ሰው በሁሉም ረድፍ ያስወድደዋል፤ ይህን መምህራንዎ «ሄሎ ኢፌክት» (halo effect) እያሉ ሳያስተምሩዎ አልቀሩም። ስኩለን፣ ማውንትና ጎፍ የተባሉ ተመራማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ከ4,000 በላይ ሥራ አስኪያጆች በአለቆቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና በበታቾቻቸው የተሰጧቸውን ነጥቦች ቢተነትኑ፣ ከነጥቦቹ ልዩነት ከግማሽ በላይ የሆነው የመነጨው ከተመዛኙ ሥራ ሳይሆን ከመዛኙ የግል አመዛዘን ሆኖ ተገኝቷል። ይህን ቁጥር ለአለቃዎ ከማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በፊት ቢያሳዩአቸው መልካም ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በስድስት ወሩ መጨረሻ ላይ፣ በደብረ ብርሃን የሌሊት ብርድ፣ ካፖርቱን እንደደረበ ከሽመና ማሽኖቹ ጩኸት ፈንጠር ብሎ ሠላሳ ቅጽ የሚሞላውን ኃላፊ ያስቡት። «የሥራ ተነሳሽነት፦ ከ1 እስከ 5» ይላል ቅጹ። የመጀመሪያዎቹን አምስት ቅጾች አስቦ ይሞላቸዋል፤ ከሃያኛው በኋላ እስክሪብቶው ራሱ 4 ቁጥርን ለምዶታል። ስንት ሜትር ጨርቅ እንደተሸመነ ወይም ስንት ጊዜ ፈትል እንደተበጠሰ ቢጠየቅ መዝገብ ገልጦ ይመልሳል፤ ለ«ተነሳሽነት» ግን የሚገልጠው መዝገብ የለም። ኪነብሩክ ቢያንስ ክርና ሰዓት ነበረው።

ስለዚህ ቤሰል ያደረጉትን ያድርጉ። ፈቃድ ካገኙ ሁለቱ ኃላፊዎች ለአንድ ወር ፈረቃ ይለዋወጡ፤ ሠራተኞቹ ባሉበት ይቆዩ። በወሩ መጨረሻ እያንዳንዳቸው የቀደመውን ነጥብ ሳያዩ፣ እርስ በርስም ሳይነጋገሩ ይመዝኑ። ለምሳሌ ያህል የሁለተኛው ኃላፊ ለአንደኛው ፈረቃ 79፣ የአንደኛው ኃላፊ ደግሞ ለሁለተኛው ፈረቃ 81 ሰጡ እንበል። ያን ጊዜ አንደኛው ፈረቃ በሁለቱ መዛኞች መካከል የ7 ነጥብ ልዩነት (86 እና 79)፣ ሁለተኛውም እንዲሁ የ7 ነጥብ ልዩነት (81 እና 74) አሳየ ማለት ነው። በአንጻሩ አንዱ መዛኝ ሁለቱን ፈረቃዎች ሲመዝን የሚታየው ልዩነት 5 ብቻ ነው። ከ12ቱ ነጥብ 7ቱ የእስክሪብቶው፣ 5ቱ የሠራተኞቹ ሆኑ። የእርስዎ ቁጥሮች እንዲህ ቀጥ ብለው እንደማይወጡ ግልጽ ነው፤ አንድ ወርም ከስድስት ወር ጋር እኩል አይመዝንም፤ የአንዱ ፈረቃ ማሽኖች ያረጁ እንደሆነም መጠየቅ አለብዎ። ያም ሆኖ፣ ዲግሪ የሚያሰጥ ጥናት ማለት እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ነው። መጠይቅ በትኖ «በሠራተኛው እርካታና በምዘናው መካከል አዎንታዊ ግንኙነት አለ» ብሎ የሚደመድመው ዓይነት ጽሑፍ በየቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ሞልቷል፤ አንድ ተጨማሪ ባይኖር ማንም አይጎዳም።

ወንድምዎ ቢጠየቅ ምናልባት ሌላም ይጨምርልዎ ነበር፤ ምክንያቱም በዘመናችን ብድሩ ተመልሷልና። ሃብል በተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ለመጠቀም ከሚያመለክቱ ተመራማሪዎች ፈቃድ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ለዓመታት በወንዶች የሚመሩ ማመልከቻዎች በሴቶች ከሚመሩት በጥቂቱ የተሻለ ዕድል ሲያገኙ መቆየታቸው በመታወቁ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የአመልካቾቹ ስም ከገምጋሚዎቹ እንዲሰወር ተደረገ። በዚያ ዙር የሴቶቹ ስኬት 8.7 ከመቶ፣ የወንዶቹ 8.0 ከመቶ ሆነ። ከ15,000 በላይ ማመልከቻዎችን ይዘው ይህን ለውጥ ያጠኑት ደግሞ ኮከብ ተመልካቾች አልነበሩም፤ ስቴፋኒ ጆንሰንና ጄሲካ ከርክ የተባሉ የሥራ አመራር ምሁራን ናቸው። የአንድ ዙር ውጤት ብቻውን ብዙ እንደማያስረዳ አይዘንጉ፤ ይልቅ ትምህርቱ ያለው ውይይቱ ከሰውየው ማንነት ወደ ሐሳቡ ጥራት እንዲዞር መደረጉ ላይ ነው። በምዘና ላይ ይህን መገልበጥ አይችሉም፤ የፈረቃ ኃላፊ በየቀኑ ከሚያያት ሠራተኛ ስሟን ሊሰውሩበት አይቻልም። በቅጥር ላይ ግን፣ የፈተና ወረቀት በኮድ የሚታረምበት አገር ሰዎች ነንና፣ የማመልከቻ ደብዳቤንም በኮድ ማንበብ አያዳግተንም።

የመጨረሻ ማሳሰቢያ፦ በጽሑፍዎ ውስጥ ሁለቱን ኃላፊዎች «መዛኝ ሀ» እና «መዛኝ ለ» ብለው ይጥቀሱ። ለጥናት የተሰበሰበ ቁጥር ወደ ቅጣት ደብዳቤ ከተሻገረ፣ በሚቀጥለው ዓመት እውነቱን ጽፎ ቅጽ የሚመልስልዎ ኃላፊ አያገኙም።

ጥያቄ

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ያለ ቴሌስኮፕ በሥነ ፈለክ ጥናት ሊባል የሚበቃ ሥራ መሥራት ይችላሉ?

መልስ

ይችላሉ። እንጦጦ ላይ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚሠሩትን አይሠሩም፤ ነገር ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና በበጋ ጥርት ያለው የመንዝ ሰማይ ራሱ መሣሪያ ነው። አልጎል የተባለውን ኮከብ ይምረጡ፤ በታኅሣሥ ወር ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ በሰሜን በኩል ከፍ ብሎ ይታያል። በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይደበዝዛል፤ ምክንያቱም ደብዛዛ ጓደኛው በፊቱ ስለሚያልፍ ነው። ይህን ዑደት እ.ኤ.አ. በ1783 ያሳወቀው ጆን ጉድሪክ መስማት የተሳነው ወጣት ነበር። ተማሪዎቹ አልጎልን በአቅራቢያው ካሉት ኮከቦች ከሚርፋክና ከአልማክ ጋር እያነጻጸሩ ብርሃኑን ይገምቱ፤ በአንድ ሌሊት የሚደበዝዝበትን ሰዓት ካጡት ሌላ ሌሊት ይጠብቁት። ታዲያ ከላይ ያለውን መልስ ካነበቡ የምጠይቅዎን ሳይገምቱት አይቀሩም፦ እያንዳንዱ ተማሪ ግምቱን ደብተሩ ላይ ሳይጽፍ ከጎኑ ያለውን «አንተ ስንት አልክ?» ብሎ እንዳይጠይቅ ያድርጉ፤ እርስዎም ቁጥርዎን አስቀድመው ጮክ ብለው አይንገሯቸው።