የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮሶው ለምን ይመላለሳል?

መልሱን የሚሰጡት በባሕር ዳር በሥጋ ምርመራ ሥራ ላይ ያሉ የእንስሳት ሐኪም ናቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ለኮሶ ክኒን ወስዶ ድኗል ብለን ነበር። ከፋሲካ በኋላ ግን እንደገና በሰገራው ላይ ነጫጭ ቁርጥራጭ አየ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ለበዓል ግን ጣና ዳር ወዳለው የወላጆቹ መንደር ሄደን ቅርጫ እንገባለን፣ ጥሬውንም እንበላለን። እናቴ «ክኒኑን ተዉት፤ ዋናውን ኮሶ ጠጡ» ትላለች። መድኃኒቱ ነው ያልሠራው? የአራት ዓመት ልጃችንስ ከአባቱ ይያዝ ይሆን?
እ.፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እኅቴ፣ የልጁን ነገር ላስቀድም። ከአባቱ አይያዝም። የበሬ ኮሶ እንቁላል በቀጥታ ሰው ሆድ ቢገባ ትል አይሆንም፤ መጀመሪያ ከብት ሊውጠውና በሥጋው ውስጥ ሊቋጠር ይገባል። ልጁን የሚያሰጋው ጥሬው ሥጋ ነው። እባክዎ በዓል ነው ብሎ ማንም እንዳያጎርሰው።

ስለ መድኃኒቱ፦ በጤና ተቋም የሚሰጡት ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ ኮሶን አንድ ጊዜ ተወስደው የሚያስወጡ ናቸው። አንዲት ፍሬ አልቤንዳዞል ገዝቶ መዋጥ ግን ለወስፋት እንጂ ለኮሶ አያስተማምንም፤ ባለቤትዎ የወሰዱት የትኛውን እንደነበር ያጣሩ። ጥሬ ሥጋ ከተበላ በኋላ ትሉ አድጎ ቁርጥራጭ መጣል እስኪጀምር ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል። ክኒን በተወሰደ ሁለት ወር ሳይሞላ ከታየ የድሮው አልወጣም ማለት ነው። ዓመት ቆይቶ ከታየ ግን፣ በየበዓሉ ጥሬ እየተበላ፣ እኔ አዲስ ነው ብዬ እገምታለሁ። እርስዎም ከዚያው ገበታ ስለበሉ አብረው ይመርመሩ።

እናትዎን አክብሬ ልናገር። የኮሶ ዛፍ አበባ ትሉን እንደሚያስወጣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በደንብ ያውቁ ነበር። መጠኑ ግን አይለካም፤ ሲበዛ ሰውን በተቅማጥና በትውከት ያደክማል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። የተለካ ክኒን እያለ ለምን ይሄን ሁሉ ይቀበላሉ?

አሁን እኔን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። ቄራ ስንመረምር የመንጋጋውን ሥጋ፣ ምላሱን፣ ልቡንና የትከሻውን ጡንቻ በቢላዋ እንሰነጥቃለን። ኮሶ ያለበት ሥጋ ሲሰነጠቅ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ፣ ውሃ የቋጠረ ስስ ከረጢት ብቅ ይላል፤ በውስጡ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች። ያች ነጥብ የትሉ ራስ ናት። ሰው ጥሬውን ሲበላ አንጀቱ ላይ የምትጣበቀውና ብዙ ሜትር የሚረዝመውን ትል የምታበቅለው እርሷ ናት። ሥጋው ቀይና ያማረ ነው፤ በሬውም ሲነዳ ምንም ሕመም አልታየበትም። የእኛ ቢላዋ ያልነካው ጡንቻ ውስጥ ያለው ያመልጠናል፤ ሜዳ ላይ በሚታረድ ቅርጫ ደግሞ የሚፈልገውም የለም።

ታዲያ በሬው ከየት አመጣው? ከሰው ነው። ይህ ኮሶ ሙሉ ትል ሆኖ የሚኖረው በሰው አንጀት ውስጥ ብቻ ነው። ኮሶ ያለበት ሰው ሜዳ ሲወጣ የሚጥላት አንዲት ቁራጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች፤ እንቁላሉም እርጥብ ሣር ላይ ወራት ይቆያል። የጣና ውሃ ሲሸሽ በሚተወው ለምለም ሣር ላይ ከብቱ ሁሉ ይሰማራል። እርስዎ ባሕር ዳር ስንት ጊዜ ክኒን ቢገዙ፣ መንደር ያሉት ዘመዶች ሳይታከሙና መጸዳጃ ሳይቆፈር ቀጣዩ በሬ ያንኑ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ከሚቀጥለው ቅርጫ በፊት ቁርጥራጭ ያየ ዘመድ ሁሉ ይታከም፤ እረኛውንም አይርሱት፣ ሜዳ የሚውለው እርሱ ነውና።

ሚጥሚጣውም አረቄውም ትሉን አይገድሉትም፤ ለብ ለብ ያለ ክትፎም እንዲሁ። የሚገድለው እስከ መሐሉ የበሰለ ጥብስ ነው፤ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚያደርስ ማቀዝቀዣ ውስጥ 10 ቀን መቆየት።

ጥያቄ፦ ፎገራ ላይ ከብት አረባለሁ። በሰገራ ምርመራ የጉበት ትል እንቁላል ተገኘብህ ተባልሁ። ለከብቶቼ ከገዛሁት መድኃኒት የተረፈ አለ፤ ልዋጠው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይዋጡት! ለበሬ ክብደት የተሠራ ነው። ደግሞስ ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት ጉበት ወይም ዱለት በልተው ነበር? ትል ያለበት ጉበት ሲበላ እንቁላሉ በአንጀት አልፎ በሰገራ ይወጣል፤ ሰውየው በሽታው ሳይኖርበት አለበት ይባላል። ሳምንት ያህል ጉበት ሳይቀምሱ ቆይተው እንደገና ይመርመሩ። ያኔም ከታየ ለሐኪሙ ስለ ከብቶችዎ ይንገሩት። በጣና ዳር ቢልሃርዝያ ስላለ ብዙዎች ፕራዚኳንቴል ያውቃሉ፤ የጉበት ትልን ግን አያድንም። ለእርሱ የሚታዘዘው ትራይክላቤንዳዞል ነው። ትሉ ረግረግ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አድጎ ከወጣ በኋላ በውሃ ዳር ሣርና ቅጠል ላይ ስለሚለጠፍ፣ ከረግረግ የተቀጠፈ ጥሬ ቅጠልና ያልፈላ ውሃ ይተዉ።

ጥያቄ፦ በግ ስናርድ ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት እናገኛለን። ለውሻችን እንጥልለታለን፤ ጉዳት አለው?

መልስ፦ አለው፤ ከሦስቱ ጥያቄዎች በጣም ያሳሰበኝም ይኸኛው ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሱ ብዙ ትሎች ያፈራል፤ እንቁላላቸው በዓይነ ምድሩ ወጥቶ በፀጉሩ፣ በልጆች እጅና ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ያድጋል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ወይም ወራት የሚፈጅ አልቤንዳዞል ይጠይቃል። ውሻዎን ቢያንስ በዓመት አራት ጊዜ ፕራዚኳንቴል ያሰጡት። ከረጢቱን ሳይበሱ ያቃጥሉት፤ ካልሆነም ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሩትና ውሻ እንዳያወጣው ድንጋይ ይጫኑበት።