ማታ ማታ ምስሉ ድርቅ ለሚልብህ የበር ካሜራ

ወንድሜ፣ ቀን ደህና ሆኖ ማታ ምስሉ ድርቅ የሚል ከሆነ ካሜራውን ለመጣል አትቸኩል። መጀመሪያ አዳፕተሩን እይ። ሲጨልም፣ በጨለማ እንዲያይ የሚረዱት የኢንፍራሬድ መብራቶቹ ስለሚበሩ ካሜራው ተጨማሪ ኃይል ይስባል፤ አዳፕተሩ ደካማ ወይም የኤሌክትሪክ ገመዱ ረጅምና ቀጭን ከሆነ እዚያው ይንገዳገዳል። እኔም በዚህ ምክንያት ስንት ቀን ራውተሩን ስወቅስ ከረምኩ! ካሜራው ላይ ከተጻፈው ጋር ቮልቱ እኩል፣ አምፒሩ ያላነሰ ሌላ አዳፕተር ሰክተህ ሞክር። ካልተስተካከለ ዋይፋዩን ጠርጥር። በሩና ራውተሩ መሃል ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ካለ የዋይፋዩ 5 ጊጋኸርዝ ሞገድ ስለሚደክም በ2.4 ጊጋኸርዙ አገናኘው። የካሜራው አፕ ላይም የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 አውርደው፤ ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ቪዲዮ ሲከፍት መስመሩ ይጨናነቃል። የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ከቻልክ ግን እሱን የሚያክል የለም።