የቅንጦት ሴዳን ከመምረጥዎ በፊት የሚቀመጡበትን ወንበር ይምረጡ

ወንድማችን፣ ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ነዋሪነትዎ እዚሁ አዳማ እንደሆነ፣ ለንግድ ሥራዎ በየሳምንቱ አዲስ አበባ እንደሚመላለሱ፣ ወገባቸውን የሚያማቸው አባትዎም ለሕክምና አብረውዎት እንደሚጓዙ ገልጸው፣ «ኤስ ክላስ፣ ቢኤምደብሊው፣ ሌክሰስ ወይስ የኤሌክትሪክ? ገዝተው የያዙ ሰዎች ከልብ የሚወዱት የትኛውን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ እዚህ ከተማ ለሰርግና ለስብሰባ እንግዶች የሚከራዩ አውቶሞቢሎችን ለረጅም ዓመታት ስነዳም ሳስተዳድርም ስለኖርኩ፣ ከባለቤቶቹ የሰማሁትንና በራሴ እጅ ያየሁትን ባጭሩም ባይሆን በግልጽ ላካፍልዎ።

አስቀድሞ መለየት ያለበት መኪናውን የሚወደው ሰው የት ነው የሚቀመጠው የሚለው ነው። የመርሴዲስ ትልቁ ሴዳን የሆነው ኤስ ክላስ፣ በተለይ ረጅሙ፣ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው ተብሎ የተሠራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከ2013 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የተመረተውና ደብልዩ 222 የሚባለው ትውልዱ በረጅም አካሉ ሲመጣ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 3165 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ቁመቱ የረዘመ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ጉልበቱ የፊቱን ወንበር ሳይነካ ይጓዛል። ከማውቃቸው ባለ ኤስ ክላሶች ውስጥ በመኪናቸው ዘወትር ደስተኛ ሆነው የማያቸው ሹፌር ያላቸው ናቸው። ራሳቸው የሚነዱት ግን ከጥቂት ወራት በኋላ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ማቆሚያ ይሆናል፤ ርዝመቱ ከአምስት ሜትር የሚያልፍ መኪና ፖስታ ቤት አካባቢ በባጃጅ መሐል አጥፎ ማቆም የሚያስደስተው ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኤምደብሊው 5 በተቃራኒው የሚያስደስተው መሪውን የያዘውን ሰው ነው። ከኋላ የተቀመጠው እንግዳ «ጥሩ መኪና ነው» ይልና ዝም ይላል፤ ነጂው ግን ከመኪናው መውረድ አይፈልግም። እርስዎ የሚነዱ፣ አባትዎ ከኋላ የሚቀመጡ ከሆነ ሁለቱንም ወንበር በእኩል የሚያከብር መኪና ያስፈልግዎታል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ ብዙ አይደለም።

በኢንተርኔት የሚያዩአቸውን የባለቤቶች ምርጫ ደረጃዎች በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጄ ዲ ፓወር የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም «አፒል» የሚባል ዓመታዊ ጥናት አለው። አዲስ መኪና የገዙ ሰዎች የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ከመኪናው ጋር ካሳለፉ በኋላ፣ መኪናው ምን ያህል እንዳስደሰታቸው ተጠይቀው ከ1000 ነጥብ ይሰጡታል። ጥናቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም የሚለካው የጫጉላውን ጊዜ ነው። እኛ ጋ የሚሸጠው የቅንጦት አውቶሞቢል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እነዚያን 90 ቀናት በሌላ አገር፣ በሌላ ሰው እጅ ጨርሶ የመጣ ነው። ለእኛ የሚጠቅመው ያው ተቋም ሦስት ዓመት የሞላቸውን መኪኖች ባለቤቶች የሚጠይቅበት ሌላኛው ጥናት ሲሆን፣ በዚህኛው ሌክሰስ በ2023፣ በ2024 እና በ2025 ከብራንዶች ሁሉ አንደኛ ወጥቷል። ይህ እኔ እዚህ ከማየው ጋር ይገጥማል። በመጀመሪያው ወር ሰው የሚያወራው ስለ ጀርመኖቹ ነው፤ ከዓመታት በኋላ መኪናውን ለመሸጥ እምቢ የሚለው ግን ባለ ሌክሰሱ ነው።

ይህ የሆነበትን ምክንያት ለመረዳት የሌክሰስን (የቶዮታ የቅንጦት ብራንድ ነው) ትልቅ ሴዳን፣ የኤል ኤስን አመጣጥ ማወቅ ይጠቅማል። የቶዮታ የበላይ የነበሩት ኢጂ ቶዮዳ በ1983 ከዓለም ምርጥ አውቶሞቢሎች ጋር የሚወዳደር መኪና እንዲሠራ አዘዙ። ዋና መሐንዲሱ ኢቺሮ ሱዙኪ ደግሞ ድምፅና ንዝረትን በድምፅ መከላከያ ምንጣፍ ከማፈን ይልቅ ከሚነሱበት ከምንጫቸው ማጥፋት የሚለውን መርህ ያዙ፤ ማለትም የሞተሩና የካምቢዮው ክፍሎች ራሳቸው እጅግ በጥንቃቄ እንዲሠሩ አደረጉ። በ1989 የወጣው ኤል ኤስ 400 ነፋስን የሚሰነጥቅበት ልኬት (ባነሰ ቁጥር ይሻላል) 0.29 ነበር፤ ለዚያ ዘመን ትልቅ ሴዳን ይህ አስደናቂ ነው። ልዩነቱ የሚታወቀው በፈጣን መንገዱ ላይ ነው። ከቱሉ ዲምቱ ተነስተው ሞጆን አልፈው ወደ አዳማ ሲቃረቡ፣ የነፋስ ማመንጫዎቹ ክንፎች በኮረብታው ላይ ሲዞሩ የሚታዩበት አካባቢ፣ የጎን ነፋሱ ቀላል አይደለም። በተራ አውቶሞቢል በዚያ ስፍራ ከኋላ ከተቀመጠ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅ ከፍ ማድረግ ግድ ይላል። በኋላ በመጣው ኤል ኤስ 430 ግን የእንግዶቼን የስልክ ንግግር ላለመስማት ሬዲዮ እከፍት ነበር። ባለቤቶች ሲጠየቁ «ምቾት» የሚሉት ነገር ትልቁ ክፍል ይህ ጸጥታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምቾትን ካነሳን የአዳማ ሙቀት አይዘነጋ። ሻጮች ስለሚሞቅ ወንበር ሲያወሩ በትሕትና ያዳምጡና፣ በቆዳው ቀዳዳዎች አየር የሚነፍስ ወንበር መኖሩን ይጠይቁ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የዋለበት ጥቁር ቆዳ ወገቡን ለሚያመው ሰው ቅጣት ነው። ቀለሙ ፈዘዝ ያለ ቆዳ አቧራ ያሳያል እንጂ አያቃጥልም።

አሁን ወደ ሱስፔንሽኑ፣ ማለትም መኪናውን ከጎማዎቹ በላይ ተሸክሞ ንቅናቄውን ወደሚያለዝበው ክፍል ልምጣ፤ እኔ ሰዎች መኪናቸውን መውደድ ሲያቆሙ ያየሁት በዚህ ምክንያት ነውና። መርሴዲስ ከ1998 ጀምሮ በኤስ ክላስ ላይ በብረት ስፕሪንግ ፋንታ የአየር ከረጢት መጠቀም ጀመረ፤ ሌሎችም በየራሳቸው መንገድ ተጠቅመውበታል። ጤነኛ ሲሆን ከዚህ የሚበልጥ ምቾት የለም፤ ጉድጓዱን ያዩታል እንጂ አይሰሙትም። ነገር ግን ከረጢቱ ጎማ ነው፤ ጎማ ደግሞ በሙቀት፣ በአቧራና በዕድሜ ይሰነጠቃል። አየሩ በጥቂት በጥቂቱ ሲያመልጥ መጭመቂያው ፓምፕ ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ በመጨረሻም ፓምፑ ራሱ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ለአንድ ከረጢት ተብሎ የተጀመረው ወጪ ሁለት ይሆናል። እኔ በኃላፊነት የያዝኩት አንድ ያገለገለ ትልቅ ሴዳን ለሙሽራ ተዘጋጅቶ፣ አበባው ሁሉ ታስሮ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት የግራ የፊት ጥጉ መከላከያው ላይ እስኪደርስ ጎማው ላይ ተኝቶ አገኘነው። ሞተሩ ሲነሳ ፓምፑ እንደ ንብ እያጉረመረመ ቀስ ብሎ አነሳው፤ ሙሽራዋም ምንም ሳታውቅ ሄደች። መካኒኩ ግን በዚያው ሳምንት ለሁለቱም የፊት ጎማዎች ከረጢት እንድናዝ ነገረን፤ ዕቃው እስኪመጣም መኪናው ቆመ። ስለዚህ በአየር የሚሠራ መኪና ከመረጡ፣ ከመግዛትዎ በፊት ባለቤቱን አስፈቅደው ደልዳላ ቦታ ላይ አሳድረው ጠዋት ሞተር ሳይነሳ አራቱንም ጥጎች ይመልከቱ። ደላላው የሚነግርዎት ሁሉ ይህን አንድ ጠዋት አይተካም።

ከኤስ ክላስ አነስ የሚለው የመርሴዲስ ኢ ክላስ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ነው፤ ደብልዩ 211 የሚባለው ትውልዱም ሆነ ከ2009 ጀምሮ የመጣው ደብልዩ 212 ብዙዎቹ በተራ ስፕሪንግ የተሠሩ ስለሆኑ፣ አሞርዛተራቸውን ማንኛውም ደህና ጋራዥ ይቀይራል። ኤል ኤስ 430ም በስፕሪንግ የመጣው ይሻላል። በ2006 የወጣው ኤል ኤስ 460 የመጀመሪያው ባለ ስምንት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ የተገጠመለት መኪና በመሆኑ አነዳዱ ቅቤ ነው፤ ድክመቱ የፊት እግር ክንዶቹ ቡሽ ቶሎ የሚያልቅ መሆኑ ነው። ሰዎች ብዙም የማያነሱት የሌክሰስ ኢ ኤስ 350 ደግሞ ከቶዮታ ካምሪ ጋር አንድ ዘር ነው። ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ሞተሩ በሌሎች የቶዮታ መኪኖችም ላይ ስለሚገኝ፣ መለዋወጫው እዚሁ ከተማ ባይገኝ አዲስ አበባ አይጠፋም። የቅንጦት ሴዳን አፍቃሪዎች «እሱማ ያማረበት ካምሪ ነው» ብለው ይንቁታል። ባለቤቶቹ ግን ንቀቱን በጸጥታ ይቀበላሉ፤ ቦሎ ሲደርስ ብቻ ነው መካኒክ የሚያዩት።

ስለ ጎማ በአጭሩ፦ ብዙ ቢኤምደብሊዎች አየር ቢያልቅበትም ለተወሰነ ርቀት የሚሮጥ፣ ጎኑ የጠነከረ ጎማ ይዘው ስለሚመጡ ትርፍ ጎማ የላቸውም። ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ጉድጓዱን ወደ ወገብ ያስተላልፈዋል፤ ጎኑ ከተቀደደም ጎሚስታው ሊረዳዎት አይችልም። ለአባትዎ ሲሉ በ19 እና በ20 ኢንች ቸርኬ ውበት አይማረኩ፤ በ17 ኢንች ላይ የተገጠመ ወፈር ያለ ጎማ ከማንኛውም የወንበር ማሳጅ ይበልጣል።

ስለ ሞተር ጉልበት የሚነሳውን ክርክር እኔ ብዙም አልገባበትም። ተርቦ (አየር አጭቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ያጣል። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 በላይ ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እኛ ጋ ሲደርስ ቀንሶ ነው። ተርቦ ያላቸው ጀርመኖች ይህን ከፍታ በተሻለ ይቋቋማሉ፤ ዳገቱ ላይ በግልጽ ይሰማል። በምላሹ ጥሩ ቤንዚን ይጠይቃሉ፤ እኛ ደግሞ ማደያ ላይ የተገኘውን እንቀዳለን እንጂ ኦክቴን አናማርጥም።

የኤሌክትሪኩን ጥያቄ ሕጉ ራሱ ግማሹን መልሶታል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁና ትልቅ ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ ታርጋ አግኝተው አገር ውስጥ ካሉት የሚገዙ ናቸው፤ ሊብሬውንና የቀረጥ ሰነዱን በሚገባ ማጣራት ያስፈልጋል። ትልቅ የኤሌክትሪክ ሴዳን ከፈለጉ የቻይናው ቢዋይዲ ሃን አለ። በጎማዎቹ መካከል 2920 ሚሊ ሜትር ስላለውና ወለሉ ሜዳ ስለሆነ የኋላ ወንበሩ ከኢ ክላስ አያንስም፤ ጸጥታውም እንደሚጠብቁት ነው። የሚያሳስብዎት የአዲስ አበባ ዳገት ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፦ ከሰውና ከዕቃ ጋር ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝንን መኪና 700 ሜትር ከፍ ለማድረግ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ የፈጣን መንገዱ ጉዞ ራሱ አሥራ ሰባት ገደማ ይፈጃል። ባለ 85 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ ያለው ሃን በሩብ ያህል ባትሪ አዲስ አበባ ይገባል፤ ሲመለስ ከዚያ ያነሰ ይበላል። የሚከብደው ቤት ውስጥ ነው። በሰባት ኪሎ ዋት ቻርጀር ባዶውን ባትሪ ለመሙላት አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ በየማታው ጥቂት በጥቂት መሙላትን ልማድ ማድረግ ይኖርብዎታል። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነም ወደ ጠጠር መንገድ ሲገቡ ሥሩ እንዳይመታ ይጠንቀቁ።

ለጥያቄዎ ቀጥተኛ መልስ ካስፈለገ፣ ባለቤቶች በመጀመሪያው ዓመት አብዝተው የሚያደንቁት ኤስ ክላስን ነው፤ ቆይተውም የሚወዱት ሌክሰስን ነው። እርስዎ ግን ነጂም የአባትዎ ተንከባካቢም ስለሆኑ፣ ቤትዎ አስተማማኝ መብራት ካለው ሃንን፣ ከሌለው በደህና እጅ የቆየ ኢ ኤስ 350ን እመክራለሁ። ሁለቱንም ለመሞከር ሲሄዱ አባትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ከኋላ ያስቀምጧቸውና እስከ ሞጆ ነድተው ይመለሱ። ሲወርዱ እጃቸውን በሩ ላይ ተደግፈው ይነሱ ወይስ ሳይደገፉ ይነሱ እንደሆነ ይመልከቱ፤ ዝቅ ያለ ወንበር ለታመመ ወገብ አይሆንም፣ ዋጋውን መነጋገርም ከዚያ በኋላ ይጀምሩ።